ለአልኮል ቀለም የሚሆነው የትኛው ወረቀት ነው?

ጃፓን ውስጥ በምርጫ ቀን መራጩ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን አጥፎ ኮሮጆ ውስጥ ይከተዋል። ወረቀቱ ግን ታጥፎ አይቀርም፤ ውስጥ ሆኖ ራሱን ይዘረጋል። ማታ ቆጠራ ሲጀመር ሠራተኞቹ እጥፋት ሲፈቱ አያመሹም። ወረቀቱ ከእንጨት የተሠራ አይደለም። ዩፖ የሚባል ሰው ሠራሽ ወረቀት ሲሆን መነሻው ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ እኛ አገር እህልና ስኳር የሚሞላበት ነጭ ማዳበሪያ የሚሸመንበት ያው ፕላስቲክ።

ለኮሮጆ፣ ለካርታና ውሃ ለማይፈራ ፖስተር የሚያገለግለው ይህ ወረቀት በአልኮል ቀለም የሚሠሩ ሰዎች ዋና ወረቀትም ሆኗል። ብቸኛው አማራጭ ግን አይደለም፤ ለአንዳንድ ሥራ ጭራሽ አይመችም። ምርጫው የሚወሰነው ሠሪው ምን ሊሠራ እንዳሰበ ነው።

የአልኮል ቀለም አልኮል ውስጥ የሟሟ ማቅለሚያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 15 ሚሊ ሊትር ገደማ በሚይዝ ትንሽ ብልቃጥ ይሸጣል፤ የአሜሪካው ሬንጀር ኩባንያ በቲም ሆልትዝ ስም የሚያወጣውና የጃካርድ ፒኛታ በእጅ ሥራ ወዳጆች ዘንድ የታወቁ ናቸው። ቀለሙ ወረቀት ላይ ጠብ ይደረጋል፣ በንጹሕ አልኮል ይቀጥናል፣ በአየር ወዲያና ወዲህ ይነዳል። አልኮሉ ተንኖ ሲያልቅ ጠርዙ የደመቀ አበባ፣ ዳመና ወይም የዕብነ በረድ ሥር የመሰለ ቅርጽ ይቀራል። ፖስት ካርድ፣ የመጽሐፍ ዕልባት፣ በፍሬም የሚሰቀል ሥዕል የሚወጣው ከዚህ ነው። ብዙ ጀማሪ ታዲያ ገንዘቡን ሁሉ ቀለሙ ላይ ያፈስና ወረቀት ሲያስፈልገው ጠረጴዛ ላይ ያገኘውን ያነሳል። ቀለሙ እስከ ጀርባው ዘልቆ ደብዛዛ ነጠብጣብ ሲሆንበት ደግሞ ሻጩን ያማርራል።

ሻጩ ምንም አላጠፋም። ተራ ወረቀት የተጠላለፈ የእንጨት ቃጫ ነው፤ በቃጫዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ፈሳሽን እንጀራ ወጥ እንደሚስብ ይስባል። የውሃ ቀለም ወረቀት አምራቾች ይህን ለመግታት ወረቀቱን በጄላቲን ወይም በሌላ ማሸጊያ ያክሙታል። ውሃ ላዩ ላይ ቆየት የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። አልኮል ግን እንዲህ ላለው ማሸጊያ አይበገርም። የውሃ የገጽ ውጥረት በአንድ ሜትር 72 ሚሊ ኒውተን ገደማ ሲሆን የአይሶፕሮፒል አልኮል 22 አካባቢ ብቻ ነው። ውሃ ጠብታ ሆኖ ራሱን በሚሰበስብበት ቦታ አልኮል ይነጠፋል፣ ባገኘው ቀዳዳም ይሾልካል። ስለዚህ በውድ ዋጋ የተገዛ፣ መቶ በመቶ ጥጥ የሆነ ባለ 300 ግራም የውሃ ቀለም ወረቀት እዚህ ላይ ከደብተር ወረቀት ብዙም አይሻልም።

መጀመሪያ፦ ጠብታ ነው ወይስ ማርከር?

ገበያ ከመውጣት በፊት ይህ ጥያቄ መመለስ አለበት። ከብልቃጥ የሚንጠባጠበው ቀለምና የአልኮል ማርከር በአንድ ስም ስለሚጠሩ ለአንዱ የተባለ ወረቀት ለሌላው ይገዛል። የጃፓኑ ኮፒክ ማርከር እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ገበያ ላይ አለ፤ ዛሬ እንደ ኦሁሁ ያሉ ርካሽ ማርከሮችም በየቦታው ይገኛሉ። ውስጣቸው ያለው ቀለም በባሕርዩ ከብልቃጡ ቀለም ጋር ይዛመዳል፤ ከወረቀቱ የሚፈልጉት ነገር ግን ተቃራኒ ነው።

ማርከር በልኩ የሚጠጣ ወረቀት ይፈልጋል። ቀለሙ ጥቂት ገብቶ ሲረጋ በላዩ ሌላ መደረብ፣ ሁለቱን ማዋሐድ ይቻላል። ለዚህ ልስልስና እምቅ ያለ ወረቀት፣ ለምሳሌ ገጹ ለስላሳ የሆነ ብሪስቶል፣ ወይም ለማርከር ተብሎ የተሠራ ደብተር ይመረጣል። ያው ማርከር ፕላስቲክ ላይ ሲያርፍ ይንሸራተታል፤ ሁለተኛው መስመር የመጀመሪያውን አሟሙቶ ያነሳዋል፣ የማርከሩ ጫፍም ይቆሽሻል። የብልቃጡ ቀለም በተቃራኒው ምንም የማይጠጣ ገጽ ይፈልጋል። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ስለ ጠብታው ነው።

ቀጥሎ፦ ወረቀቶቹን ማወቅ

ዩፖ የሚመረተው ጃፓን ውስጥ ካሺማ በተባለ ቦታና በአሜሪካ ቼሳፒክ ከተማ ነው። ቼሳፒክ ያለችው ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በቨርጂኒያ ግዛት ስለሆነ እዚያ ላሉ አንባቢዎች ወረቀቱ የአገር ውስጥ ምርት ነው ማለት ይቻላል። ሲሠራ ፖሊፕሮፒሊኑ ከማዕድን ዱቄት ጋር ይቀልጣል፣ ይዳመጣል፣ ከዚያ በርዝመትም በወርድም ይወጠራል። በመወጠሩ ውስጡ እጅግ ብዙ ደቃቅ ክፍተቶች ይፈጠራሉ፤ ብርሃኑን የሚበትኑትና ወረቀቱን ነጭ የሚያስመስሉት እነሱ ናቸው። ቃጫ የሚባል ነገር ስለሌለው ቢረጥብ አይጨማደድም፣ በእጅ ሊቀዱት ቢሞክሩ እንቢ ይላል።

ለአልኮል ቀለም ትልቁ ጥቅሙ ይቅር ባይነቱ ነው። ጠብታው አልኮሉ እስኪተን ገጹ ላይ ይንቀሳቀሳል። ሥራው ካላማረ በማግስቱ አልኮል በነካ ጥጥ ተጠርጎ ወረቀቱ ወደ ነጭነቱ ሊመለስ ትንሽ ይቀረዋል። ትንሽ የሚቀረው እንደ ጥቁር ሰማያዊና እንደ ደማቅ ሮዝ ያሉ ብርቱ ቀለሞች አንዳንዴ ስስ ጥላ ስለሚተዉ ነው። በሥዕል ዕቃ መደብሮች በብዛት የሚገኘው ባለ 200 ግራሙ ሲሆን ባለ 390 ግራም ወፍራምና ብርሃን የሚያሳልፍ ባለ 153 ግራም ዓይነትም አለ። ለአብዛኛው ሥራ 200 ግራም ይበቃል። ወፍራሙ ቀለም በብዛት ለሚፈስበት ትልቅ ሥዕል ይመቻል፤ ብርሃን የሚያሳልፈው ደግሞ መብራት ከኋላው ለሚበራበት ሥራ ነው።

ነቀፌታውም መነገር አለበት። ዩፖ ውድ ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥም እንደ ልብ አይገኝም። የድምፅ መስጫ ወረቀቱን የሚዘረጋው ጠባይ ደግሞ ታጥፎ የሚቆም ካርድ ለሚሠራ ሰው ጠላት ነው፤ አጥፈው ቢያስቀምጡት ያፈገፍጋል። ተራ ነጭ ኮላም በደንብ አይይዘውም።

ሁለተኛው ቤተሰብ በማተሚያ ቤቶች ቋንቋ አርት ፔፐር የሚባለው ነው። የመጽሔት ሽፋን፣ የሠርግ ጥሪና የቢዝነስ ካርድ የሚታተምበት አንጸባራቂ ወረቀት ማለት ነው። ውስጡ የእንጨት ወረቀት ሆኖ ላዩ በሸክላ ወይም በኖራ ድንጋይ ዱቄት ተቀብቶ ይታሻል። ሬንጀር ራሱ ለአልኮል ቀለም ብሎ የሚሸጠው አንጸባራቂ ካርድም ከዚሁ ወገን ነው። ቀለሙ እንደ ዩፖ ላይ ለረጅም ጊዜ አይንሸራሸርም፤ ጥቂት ሴኮንድ ይሰጥና ይቀመጣል። ከተቀመጠ በኋላ ሙሉ በሙሉ አይነሳም። በምትኩ በደንብ ይታጠፋል፣ ኮላ ይይዘዋል፣ በላዩ በማኅተምና በብዕር መሥራትም ይቀላል። ቀለምን በጥጥ ወይም በቁራጭ ፌልት እየነካኩ ማተም ለሚወድ ሰው እንዲያውም ከዩፖ ይሻላል፤ የተቀመጠው ቀለም በሚቀጥለው ንክኪ አይታጠብምና።

አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይህ መልካም ዜና ነው። ማተሚያ ቤቶች ሥራ ሲጨርሱ የሚቆርጡት ባለ 250ና ባለ 300 ግራም ግሎሲ ቁርጥራጭ ለካርድና ለዕልባት የሚበቃ ስፋት አለው፤ በትሕትና ከጠየቁ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከተቻለ ደግሞ በግሎሲ ላሚኔሽን የተሸፈነውን መምረጥ ነው። የላሚኔሽኑ ፊልም በአብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ስለሆነ አልኮሉ ወደ ወረቀቱ አይደርስም፣ ጠብታውም እንደ ዩፖ ይንሳፈፋል። ፊልሙ በጣም ልስልስ በመሆኑ ግን የደረቀው ቀለም በጥፍር ሊፋቅ ይችላል። ማት ላሚኔሽን ቀለሙን ያደበዝዘዋል፤ ይቅር።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ፎቶ ፔፐር ነው። ያብረቀርቃል፣ ወፍራም ነው፣ ዋጋውም ስለማይናቅ ሲያዩት ትክክለኛው ይመስላል። የኢንክጄት ፎቶ ፔፐር ግን ቀለምን በፍጥነት እንዲጠጣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ቶሎ ይደርቃል ተብሎ የሚሸጠው ዓይነት ላዩ ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች የሞሉበት ሽፋን አለው። የአልኮል ቀለም እዚያ ላይ ጠብ ሲል ክብ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ቢነፉት አይሄድም፣ አልኮል ቢጨምሩበት አይከፈትም። ለሌዘር ማተሚያ የተዘጋጀ ግሎሲ ወረቀት ይህ ጠጪ ሽፋን ስለሌለው ጠባዩ ወደ አርት ፔፐር ያደላል። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ ኢንክጄት ወይስ ሌዘር እንደሚል ማንበብ ገንዘብ ያድናል።

የድንጋይ ወረቀት የሚባልም አለ፤ አብዛኛው ክፍሉ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ቀሪው ፖሊኢቲሊን ነው። ቀለሙን ለስለስ አድርጎ ይቀበላል፣ ነገር ግን ከዩፖ ይልቅ ስለሚይዘው ማንሳቱ ያስቸግራል። ወረቀት ካልጠፋ በቀር የሚያስሮጥ አይደለም። ወረቀት ጨርሶ ለጠፋበት ሰው ደግሞ ከግንባታ የተረፈ ነጭ አንጸባራቂ ሴራሚክ ምንም ሳይጠጣ ቀለሙን ይሸከማል፤ ለመለማመጃ ከእሱ የሚረክስ የለም።

ሱቅ ውስጥ፦ በጣትና በዓይን

ስሙ ያልተጻፈበት ወረቀት ሲገጥም ባለ ሱቁን ሳያስቀይሙ ማድረግ የሚቻል ፈተና አለ። ጣትን በትንሹ አርጥቦ የወረቀቱን ጥግ መንካት ነው። ጣት ላይ ለጠቅ ካለ የኢንክጄት ሽፋን አለው ማለት ነው፤ ይለፉት። ካልተጣበቀ ጠርዙን በብርሃን ማየት ይቀጥላል። የተቆረጠበት ጠርዝ ላይ ቃጫ ብቅ ብቅ ካለ ውስጡ እንጨት ነው። ጠርዙ እንደ ፕላስቲክ ጥርት ያለ ከሆነና ጥጉ በእጅ አልቀደድ ካለ ሰው ሠራሽ ነው። አንድ ሉክ ብቻ ይግዙ። ሙሉ ፓኮ የሚገዛው ከሚቀጥለው ፈተና በኋላ ነው።

ቤት ውስጥ፦ የአንድ ጠብታ ፈተና

ከወረቀቱ አምስት በአምስት ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ይቁረጡ። ጓንት አድርገው ገጹን አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉና እስኪደርቅ ይጠብቁ። ካለዎት ቀለም ጠቆር ያለውን መርጠው መሐሉ ላይ አንድ ጠብታ ብቻ ያሳርፉ። አይንኩት፤ ጠርዙን ይመልከቱ።

ጥሩ ወረቀት ላይ ጠብታው ወዲያው ይሰፋል፤ ጠርዙ ወጥ መስመር ይዞ ሲሄድ ቆይቶ ይቆማል፣ ሲደርቅም ከመሐሉ ይልቅ ዳርቻው ይደምቃል። ጠጪ ወረቀት ላይ ጠርዙ ፀጉር እያወጣ ይዘረጋል፣ ወይም ጭራሽ ሳይሰፋ ባለበት ይደርቃል። አሁን ከጠብታው አጠገብ አንድ ጠብታ ንጹሕ አልኮል ይጨምሩ። ቀለሙን ገፍቶ በመሐል ነጣ ያለ ክብ ከከፈተ ገጹ ሕያው ነው። ምንም ካልተለወጠ ቀለሙ ገብቷል።

ሲደርቅ ቁራጩን ይገልብጡት። ጀርባው ላይ ጥላ ከታየ ፈተናው እዚህ ያበቃል። ካልታየ አልኮል በነካ ጥጥ አንዱን ጥግ ይጥረጉ። ወደ ነጭ የተመለሰው እንደ ዩፖ ሥዕል እየሠሩ ለማረም ይሆናል፤ ሐመር ቀለም የቀረበት ለማኅተምና ለካርድ ይሆናል፤ ያልተነቃነቀው ለዚህ ሥራ አይሆንም። በቁራጩ ጀርባ የወረቀቱን ዓይነትና የተገዛበትን ሱቅ ጽፎ ማስቀመጥ የሚቀጥለውን ግዢ ያቀልላል።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ፋርማሲ የሚሸጠው አብዛኛው አልኮል 70 በመቶ ነው፤ የቀረው ውሃ ነው። ውሃው ቀለሙን ያዘገየዋል፣ ዩፖ ላይም የተበታተነ መልክ ይሰጠዋል። ወረቀቱን ከመኮነን በፊት 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል ፈተናውን መድገም ይገባል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ አልኮሉ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ ከተማ ፈጥኖ ይተናል። በውጭ አገር ቪዲዮ የሚታየው ቀለሙን ረጋ ብሎ መንዳት እዚህ አልሳካ ካለ፣ አልኮሉን በትንሹ መጨመር ይረዳል።

ምሳሌ፦ የእንቁጣጣሽ ካርድ

ልጆች አበባ ሥለው ለጎረቤት በሚያድሉበት በዓል የአልኮል ቀለም አደይ አበባ ደስ ይላል። ነገር ግን ካርዱ መታጠፍ አለበት፤ ጥሩው አበባ ደግሞ የሚወጣው በማይታጠፈው ዩፖ ላይ ነው። መፍትሔው ሁለቱን መለየት ነው። ካርዱ ከባለ 250 ግራም ተራ ወረቀት፣ ኤ5 መጠን ተቆርጦ ለሁለት ሲታጠፍ ፊቱ 10.5 በ14.8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሥዕሉ 9.5 በ13.8 በሆነ ዩፖ ላይ ተሠርቶ ፊቱ ላይ ሲለጠፍ በዙሪያው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነጭ ኅዳግ ይተርፋል። ከአንድ ኤ4 ዩፖ አራት እንዲህ ያለ ቁራጭ ይወጣል። ስለዚህ የወረቀቱ ውድነት ለአንድ ካርድ ሲካፈል ያን ያህል አያስደነግጥም። ለመለጠፍ በሁለቱም በኩል የሚያጣብቅ ፕላስተር ይጠቀሙ፤ ፈሳሽ ኮላ በፕላስቲኩ ሥር ስለማይደርቅ ይንሸራተታል።

ቁራጮቹን ቀለም ከመንካታቸው በፊት መቁረጥ ይሻላል የሚሉ አሉ። ሙሉ ሉክ ላይ ሠርቶ ያማረውን ቦታ እየመረጡ መቁረጥ ግን የበለጠ ያዋጣል። ቀለሙ ወዴት እንደሚሄድ ማንም በትክክል ስለማያውቅ፣ የሉኩ ግማሽ ቢበላሽ እንኳ ሁለት ካርድ ይተርፋል። መቁረጫው ስለታም ከተር ይሁን።

ወረቀቱን መያዝና ማድረቅ

ዩፖን በባዶ እጅ መንካት ጣጣ አለው። የጣት ቅባት ላዩ ላይ ይቀርና ቀለሙ ሲደርስ አሻራው ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። ጠርዙን ብቻ መያዝ፣ ወይም ጓንት ማድረግ ነው።

ለማድረቅና ቀለሙን ለመንዳት የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛው ሙቀት ይበቃል። ፖሊፕሮፒሊን 160 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከዚያ በፊትም ይጣመማል። ለቀለም መፋቂያ የተሠራ የግንበኛና የአናጢ ማሞቂያ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ሙቀት ስለሚወጣው ዩፖ ላይ አይሞከርም። አርት ፔፐር አይቀልጥም፤ ሙቀቱ ከበዛበት ግን ይጠቀለላል።

ስለ እሳት ቀልድ የለም። የአይሶፕሮፒል አልኮል ትነት 12 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ እንኳ ብልጭታ ካገኘ ይቀጣጠላል፤ ይህም ከአብዛኛው ቤት ሙቀት በታች ነው። ቡና እየተፈላ፣ ከሰልና እጣን እየጨሰ እዚያው ክፍል ውስጥ የአልኮል ቀለም አይከፈትም። መስኮት ይከፈት፤ አልኮሉም በስፕሬይ አይረጭ፣ ይንጠባጠብ።

ያለቀው ሥራ እንዳይደበዝዝ

የአልኮል ቀለም ማቅለሚያ ስለሆነ ፀሐይ ይበላዋል። የትኛውም ወረቀት ከዚህ አያድነውም፤ የወረቀቱ ምርጫ የሚለውጠው ቀለሙ ምን ያህል ተጠብቆ እንደሚቀመጥ ብቻ ነው። ዩፖና ላሚኔት ላይ ያለ ሥራ ሙሉ ቀን ደርቆ በስስ የስፕሬይ ቫርኒሽ ይሸፈናል። ክሪሎን ካማር የተባለው በዚህ ሥራ የታወቀ ነው፤ ከእሱ በላይ ፀሐይ የሚከላከል ሁለተኛ ስፕሬይ ይጨመራል። አንድ ወፍራም ሽፋን ቀለሙን ዳግም ያሟሟዋል፤ ሦስት አራት ስስ ሽፋን፣ በየመሐሉ እያደረቁ፣ ይሻላል። በብሩሽ የሚቀባ አልኮል ያለበት ቫርኒሽ በቀጥታ ከተቀባ ሥዕሉን ይዞት ይሄዳል። የሚሸጥ ወይም የሚወደድ ሥራ ከሆነ ሳይሰቀል በፊት በስካነር ቅጂ ማስቀረት ተገቢ ነው።

ገና ለሚጀምር ሰው ግዢው አጭር ነው፤ ውጭ አገር የሚኖር ወይም ከውጭ የሚልክለት ዘመድ ያለው ባለ 200 ግራም ዩፖ አንድ ትንሽ ፓኮ፣ አዲስ አበባ ያለ ደግሞ ከማተሚያ ቤት ባለ 300 ግራም ግሎሲ ቁርጥራጭ፣ ላሚኔት የሆነና ያልሆነ ቀላቅሎ። የኢንክጄት ፎቶ ፔፐር ቤት ውስጥ ካለ ለፎቶ ይቀመጥ።